ምንጭ ያልጠቀሰችው ልጅ

[ፋስ ከተማ፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሮ። የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህሩ ዙሄይር የክፍሉን ደንብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ፊት ለፊቱ የተማሪዋ የጊታ አባት፣ በባለቀለም ሸክላ ግድግዳ የሚያስጌጠው ማዓለም (የሙያው አለቃ) ቡሽታ፣ እስክሪብቶ እንደ መዶሻ ጨብጦ ቆሟል።]

ቡሽታ: ቆይ ኡስታዝ፤ ሦስት ቀን ያረፈደ አንድ ቀን እንደቀረ ይቆጠራል ነው የሚሉት?

ዙሄይር: ተራ ቁጥር አንድ ላይ ተጽፏል። ፈርም።

ቡሽታ: እንግዲያው ሦስት ማለዳ እየሮጠች ከምታረፍድ፣ አንዱን ቀን ተኝታ ብትውል ሂሳቡ ያው አይደል?

ዙሄይር: ሰውዬ፣ ይሄ ደንብ ነው እንጂ የምንጣፍ ድርድር አይደለም! ዝም ብለህ ፈርም!

ቡሽታ: ስፈርም የተባረረችው ልጄ ትመለሳለች?

ዙሄይር: በክፍሉ ፊት ይቅርታ ከጠየቀች። ጥፋቷ ተራ ቁጥር አራት ነው፤ ምንጭ አልጠቀሰችም።

ቡሽታ: [ደንግጦ] ልጄ? ልጄ እንኳን ምንጭ፣ ሰውም አትጠቅስ! ዓይኗን ሰበር አድርጋ የምትሄድ ጨዋ ልጅ ናት!

ዙሄይር: በዓይን መጥቀስ አላልኩህም! የመረጃ ምንጭ! የጻፈችውን ከየት እንዳገኘችው!

ቡሽታ: ኧረ እንደሱ ይበሉኝ! ሦስት ቀን እህል አልቀምስም ብላ ተኝታ፣ እናቷ አንዱን ጎረምሳ ጠቅሳ ይሆናል ብላ ቤቱን በእንባ አጥለቀለቀችው እኮ።

ዙሄይር: እኔ "ግቢያችን ውስጥ ስላለው የግድግዳ ምንጭ ጻፉ" አልኩ። ስድስት መቶ ዓመት የሞላው ቅርስ ነው! ልጅህ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? "ሃያ ዓመቱ ነው።" ዜሮ ሰጥቼ በአርባ ተማሪ ፊት አቁሜ "ማን ነገረሽ?" ብላት "አባቴ" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቡሽታ: እርስዎም ሳቁ?

ዙሄይር: የጀመርኩትማ እኔ ነኝ።

ቡሽታ: ውሸታም አሏት አሉ።

ዙሄይር: በፍጹም! አስተማሪ እንዲህ ያለ ቃል አይወጣውም። "የውሸታም ልጅ" ነው ያልኳት።

ቡሽታ: [እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ] እውነትዎን ነው፤ ልጄ ተሳስታለች።

ዙሄይር: ጎሽ! አሁን ገና ገባህ።

ቡሽታ: ሃያ አይደለም፣ ሃያ ሁለት ነው። የድሮው ግድግዳ ከነምንጩ በዝናብ ሲደረመስ አዲሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ እሷ አልተወለደችም፣ ከየት ታውቀዋለች?

ዙሄይር: [እየሳቀ] አንተ? በዚህ ምንጭ ላይ መቶ ሃያ ገጽ መጽሐፍ ጽፌያለሁ እኮ! ና፣ ተከተለኝ!

[ግቢው ውስጥ፣ ምንጩ ፊት። ተማሪዎች በየመስኮቱ ተደራርበዋል።]

ዙሄይር: የሸክላ ኮከቦቹን ተመልከት። ሁሉም ስምንት ጫፍ አላቸው። ይህቺ ጥግ ያለችው ግን ሰባት ብቻ! ለምን ይመስልሃል?

ቡሽታ: ረመዳን ስለነበር።

ዙሄይር: ምን አገናኘው! የጥንቱ ጠቢብ "ፍጹም ፈጣሪ ብቻ ነው" ሲል ሆን ብሎ አንዷን ጫፍ አጎደላት! ሠላሳ ገጽ የጻፍኩት በዚህች በሌለች ጫፍ ላይ ነው!

ቡሽታ: ሆን ብሎስ አይደለም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጎረቤት የሐሪራ ሾርባ ሸተተኝ። ሆዴ ሲጮህ መዶሻው ሳተኝ፤ ስምንተኛዋ ጫፍ ብን አለች። ነገ እተካታለሁ ብዬ ወደ ሾርባዬ ሮጥኩ። በነጋታው ዒድ ሆነ፤ በዚያው ተረሳች።

ዙሄይር: ተረት አትንገረኝ! ማስረጃ አምጣ!

ቡሽታ: እጅዎን ከገንዳው ከንፈር ሥር ይስደዱ። ልስኑ ሳይደርቅ በሚስማር ጽፌበታለሁ።

[ዙሄይር በንቀት ተንበረከከ። የሐር ክራቫቱ ውሃው ውስጥ ተነከረ። አንገቱን አጣሞ ያነባል።]

ዙሄይር: "ቡ… ሽ… ታ።" [ድምፁ እየሰለለ] "የጎደለው ነገ ይሞላል።"

[መስኮቶቹ በሳቅ ተናጉ።]

ዙሄይር: [በሹክሹክታ] ማዓለም፣ ዜሮው ይሰረዛል። ልጅህ ዛሬውኑ ትመለስ።

ቡሽታ: ይቅርታውስ?

ዙሄይር: ቀርቷል፤ አትጠይቅም።

ቡሽታ: የእርስዎን ማለቴ ነው። በአርባዎቹ ፊት።

ዙሄይር: [ክራቫቱን እየጨመቀ] እሺ፣ እጠይቃታለሁ። ግን በአላህ ይዤሃለሁ፣ መጽሐፉ ታትሟል፣ የፈተናው መልስም ወጥቷል። ፈተና ላይ ብቻ "ስድስት መቶ ዓመቱ ነው" ብላ ትጻፍልኝ!

ቡሽታ: በነዚህ እጆች የሠራሁት ምንጭ ስድስት መቶ ዓመቱ ከሆነ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ሊሆን ነው?

ዙሄይር: ከስድስት መቶ… ትንሽ… ከፍ ይላል።

ቡሽታ: [ቀኝ እጁን እየዘረጋ] ታዲያ ምን ተገትረህ ታየኛለህ፣ ልጄ? የቅድመ አያትህ ቅድመ አያት ነኝ፤ እጄን ሳም!