ምንም የማይጎድለው ትምህርት ቤት

[የትምህርት ቤቱ ቦርድ ቢሮ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ግቢውን የሚያሳይ አንድ መስኮት አላት። ቦርዱን የሚመራውን ሰውዬ ሰፈሩ በሙሉ «ሰብሳቢው» ነው የሚለው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያስነጥስ እንኳ አጀንዳ ያስይዛል ይሉታል። ምክትሉ የሰብሳቢው ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፣ አናጺ። ምክትሉ ወንበር ላይ ወጥቶ መጋረጃ ይሰቅላል፣ ሰብሳቢው ከታች ሆኖ ያዛል።]

ሰብሳቢው፦ ወደ ግራ ነው ያልኩህ።

ምክትሉ፦ በአንተ ግራ ነው በእኔ ግራ?

ሰብሳቢው፦ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ነው የዞርነው። ያው አንድ ግራ ነው።

ምክትሉ፦ እሺ ጋሼ። ግን ይሄን መጋረጃ የማውቀው ይመስለኛል።

ሰብሳቢው፦ መጋረጃ ሁሉ ይመሳሰላል።

ምክትሉ፦ የእህቴ የሳሎን መጋረጃ ነው። ዘንጉን የገጠምኩላት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው፦ ለግማሽ ቀን ነው። እሷ ከሥራ ሳትመለስ ቦታው ይመለሳል። በል ውረድና ስማኝ። ከምሳ በኋላ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ገምጋሚዋ ትመጣለች። የዘንድሮው በጀት የሁለት ክፍል ማሠሪያና የአንድ መምህር ደሞዝ ነው ያለው። ወይ ለእኛ፣ ወይ ከመንገዱ በታች ላለው ትምህርት ቤት።

ምክትሉ፦ እሱንማ አውቃለሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር የአንደኛ ክፍል ልጆች አንድ ጥግ ላይ ነው የሚታጨቁት። ልጄ ፊደል የምትቆጥረው ጃንጥላ ይዛ ነው።

ሰብሳቢው፦ የእኔስ ልጅ አብሯት አይደለም እንዴ?

ምክትሉ፦ እሱ ጃንጥላ የለውም። እሷ ጋ ነው የሚጠለለው።

ሰብሳቢው፦ የቦርድ ሰብሳቢ ልጅ ጃንጥላ ይዞ ክፍል ቢገባ ሰው ምን ይላል? ጣሪያው ያፈሳል ይላል።

ምክትሉ፦ ያፈሳል እኮ።

ሰብሳቢው፦ ያፈሳል፣ ግን አይባልም።

ምክትሉ፦ አምና የጥገናውን በጀት ለቆርቆሮ አውለነው ቢሆን ኖሮ…

ሰብሳቢው፦ ለግቢው በር ማዋላችን ልክ ነበር። እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው በር ነው።

ምክትሉ፦ በሩ ላይ ግን የሚማር የለም።

ሰብሳቢው፦ ጀመረህ ደግሞ።

ምክትሉ፦ አይ፣ እኔማ ሴትዮዋን ይዘን ጣሪያውን እናሳያት ልል ነው።

ሰብሳቢው፦ አየህ፣ ምክትል ሆነህ የቀረኸው ለዚህ ነው። ቀዳዳውን ለሚያሳይ ሰው ማን በጀት ይሰጣል? ላለው ይጨመርለታል ሲባል አልሰማህም?

ምክትሉ፦ ሰምቻለሁ። ግን ካለን፣ ምን ጎደላቸው ብለው ይሰጡናል?

ሰብሳቢው፦ ይሄ ለአንተ አይገባህም።

ምክትሉ፦ አዎ፣ አልገባኝም።

ሰብሳቢው፦ አይገባህም አልኩ እኮ። ይልቅ ዴስኮቹ ገቡ?

ምክትሉ፦ ትናንት ጭኜ አስገብቻለሁ። ከታችኛው ትምህርት ቤት ግማሹን ብቻ ነበር የጠየቅኩት። ዳይሬክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ሲያሸክመኝ ዋለ። «ኧረ ሁሉንም ውሰድ» አለኝ።

ሰብሳቢው፦ ሁሉንም?

ምክትሉ፦ ጥቁር ሰሌዳውንም ከግድግዳው ነቅሎ ሰጠኝ። የሳይንስ መምህርቷንም ጨመረልን። «ነገ እስከ ማታ ትዋልላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ከነገ ወዲያም ትምጣ» አለ።

[ሰብሳቢው ሳቁን መያዝ አቃተው። ያ ዳይሬክተር ስብሰባ ላይ «እስቲ ይሁን» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። እንዲህ ያለ የዋህ ሰው ትምህርት ቤት ይመራል ብሎ ከልቡ አዘነለት።]

ሰብሳቢው፦ ምስኪን። የራሱን ዕቃ በገዛ እጁ ጭኖ በጀቱን ለእኛ ያስረክባል። በል ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ንገረኝ። መደርደሪያውን ሙላ ብዬህ ነበር።

ምክትሉ፦ ሞልቷል። ቁርጥራጭ ጣውላ በልኩ ቆርጬ፣ ወረቀት ለብጬ ደረደርኩት። ከሩቅ ስታየው መጽሐፍ ነው።

ሰብሳቢው፦ ከቅርብስ?

ምክትሉ፦ ከቅርብ ጣውላ ነው።

ሰብሳቢው፦ ከቅርብ አናስጠጋትም። የሚያፈሰውስ ክፍል?

ምክትሉ፦ ቆልፌ በሩ ላይ «ላቦራቶሪ፣ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ብዬ ለጥፌበታለሁ። ልጆቹን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። መጽሐፍ እንዳይነኩ ነግሬያቸዋለሁ።

ሰብሳቢው፦ አሁን ሰው ሆንክ።

ምክትሉ፦ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልጠይቅህ። ሁሉ ነገር ካለን…

ሰብሳቢው፦ ደግመህ እንዳትጠይቀኝ። በሰው ፊትም እንዳትጠይቀኝ።

[ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ሰብሳቢው ኮቱን እየቆለፈ ይወጣል፣ ምክትሉ ይከተለዋል። ክፍሉ ባዶውን ይቆያል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምራል። ዝናቡ ሲያባራ መኪናው ሲሄድ ይሰማል፣ ሁለቱም ረጥበው ይመለሳሉ። ሰብሳቢው ፊቱ በርቷል።]

ሰብሳቢው፦ አየሃት አይደል? አፏን ከፍታ ነው የዞረችው።

ምክትሉ፦ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዱን መጽሐፍ ልትመዝ እጇን ስትሰድ እኔ ደርቄ ቀረሁ።

ሰብሳቢው፦ ምን ብለህ አስጣልካት?

ምክትሉ፦ «ይሄ ከባድ መጽሐፍ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ጣውላው እርጥብ ነው።

ሰብሳቢው፦ እኔስ ላቦራቶሪው ጋ? «ውስጥ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?» ስትለኝ፣ «ተማሪዎቻችን ውሃ የማጣራት ሙከራ ላይ ናቸው» አልኳት።

ምክትሉ፦ እሷስ ምን አለች?

ሰብሳቢው፦ «በዚህ ዕድሜያቸው?» አለች። አደነቀች።

ምክትሉ፦ መጨረሻ ላይ የጻፈችውን ነገረችህ?

ሰብሳቢው፦ ጮክ ብላ አነበበችልኝ እንጂ። «ይህ ትምህርት ቤት ዴስክ፣ መጽሐፍ፣ ላቦራቶሪና መምህር የተሟላለት ነው። ምንም የሚጎድለው ነገር የለም።» እጄን ጨብጣኝ ነው የሄደችው።

ምክትሉ፦ ክፍሉን እንሠራላችኋለን አለች?

ሰብሳቢው፦ እሱን በቀጥታ አትለውም፣ ሥነ ሥርዓት አለው።

ምክትሉ፦ መምህሩንስ?

ሰብሳቢው፦ መምህርማ አለን ብያታለሁ…

ምክትሉ፦ ጋሼ?

ሰብሳቢው፦ ቆይ አንዴ። ምንም አይጎድላቸውም ነው ያለችው?

ምክትሉ፦ አንተ ነህ ያነበበችልኝ ያልከው።

ሰብሳቢው፦ ምንም ካልጎደለን… [ይቀመጣል። መጋረጃውን ያያል፣ ከዚያ ምክትሉን ያያል። ቅድም ሁለቴ የተጠየቀው ጥያቄ አሁን ገና ጆሮው ገባ።] ግድ የለም። የታችኛው ቢሆን ምን አለው? እዚያ ሄዳ ምን ታያለች?

ምክትሉ፦ እዚያማ ሄዳለች። ከእኛ በፊት ጠዋት እዚያ ነበረች።

ሰብሳቢው፦ ምን አየች?

ምክትሉ፦ ምን ታይ፣ ዴስኩ እዚህ ነው። ልጆቹ አዳራሹ ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰሌዳ የሌለው ግድግዳ እያዩ፣ ያለ መምህር አገኘቻቸው። ዳይሬክተሩ ቅድም ደውሎልኝ ነበር። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ አለ። ሁለቱን ክፍል እዚያው ቆማ ነው የፈረመችላቸው፣ የእኛን ለደንቡ ያህል ነው የጎበኘችው።

ሰብሳቢው፦ የፈረመችላቸው?

ምክትሉ፦ «ለሰብሳቢው ሰላም በልልኝ፣ ዴስኩን ሲመቻችሁ መልሱ፣ አንቸኩልም» ብሏል።

ሰብሳቢው፦ ያ «እስቲ ይሁን» ባዩ ሰውዬ?

ምክትሉ፦ ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባል የለ። አንዳችሁ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሰብሳቢው፦ ልጆቹስ? ዝናቡ እኮ ገና መጀመሩ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች የት ይገባሉ?

[አሁን ድምፁ የሰብሳቢ አይደለም፣ የአባት ነው። ምክትሉም አዘነለት፤ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።]

ምክትሉ፦ እነሱን አታስብ። አዛውሬያቸዋለሁ።

ሰብሳቢው፦ የት?

ምክትሉ፦ ታች። ዳይሬክተሩ ዴስክ እያሸከመኝ ሲስቅ አየሁት። ዕቃውን እየሰጠ የሚስቅ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ጠየቅኩት። «ባዶ ክፍል ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም» አለኝ። እኔም ሁለት ክፍል ካገኘህ የእኛን አንደኛ ክፍሎች ውሰድልኝ አልኩት። እስኪሠራ ድረስ አዳራሹ ውስጥ ይማራሉ፣ አዳራሹ አያፈስም። ትናንት ማታ ወላጆቹን አንድ በአንድ ሄጄ አስፈረምኳቸው፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እዚያ ናቸው።

ሰብሳቢው፦ ይሄን ሁሉ አውቀህ ለእኔ አትነግረኝም?

ምክትሉ፦ አላወቅኩም፣ አልገባኝም ነበር። ያልገባው ሰው ይጠይቃል። ዴስክ አምጣ ያልከኝ ቀንም ስጠይቅህ አይገባህም አልከኝ፣ ሄጄ ሌላ ሰው ጠየቅኩ።

ሰብሳቢው፦ የእኔንስ ልጅ ማን ፈረመለት?

ምክትሉ፦ እህቴ። እንዲያውም እስክሪብቶዬን ነጥቃኝ ነው የፈረመችው።

ሰብሳቢው፦ ቆይ። ልጄ እዚያ ከተማረ እኔ እዚህ ሰብሳቢ መሆን አልችልም። መመሪያው ቦርድ ውስጥ የሚቀመጠው ልጁን እዚሁ የሚያስተምር ወላጅ ብቻ ነው ይላል።

ምክትሉ፦ ይላል። አንተ ነህ ያስገባኸው፣ ያን የሚከራከርህን ሰውዬ ለማስወጣት።

ሰብሳቢው፦ ግድ የለም፣ ታችኛው ቦርድ እገባለሁ። እነሱም ልምድ ያለው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ምክትሉ፦ እዚያ አዲስ ወላጅ የመጀመሪያውን ዓመት ስብሰባ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም።

ሰብሳቢው፦ ዓመት ሙሉ?

ምክትሉ፦ ዓመት ሙሉ።

ሰብሳቢው፦ አስተያየት እንኳን?

ምክትሉ፦ አስተያየትም፣ ማሳሰቢያም።

[ሰብሳቢው አፉን ይከፍታል፣ መልሶ ይገጥመዋል። ከአሁኑ የተለማመደው ይመስላል።]

ሰብሳቢው፦ አንተስ? አንተም አዲስ ወላጅ አይደለህ?

ምክትሉ፦ እኔን «ሁለት ክፍል ያመጣልን ሰው ነው» ብለው በልዩ ሁኔታ ቦርድ ውስጥ አስገብተውኛል፣ ዳይሬክተሩ ቅድም ሲደውል ነገረኝ።

ሰብሳቢው፦ [በቀስታ] ሰብሳቢ አደረጉህ?

ምክትሉ፦ ኧረ ምክትል ነኝ ጋሼ። አንተ ብቻ ከኋላ ቁጭ በልና አዳምጥ። ያልገባህ ነገር ካለ፣ ስንወጣ እኔ አስረዳሃለሁ።