የቱፋን አውራ ጣት በፊርማ የለወጥኩ ጊዜ

ልጆች፣ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ። ምናልባት ሐሳባችሁን ትቀይሩ ይሆናል።

እኔ የሰው አውራ ጣት በሌላ ሰው ፊርማ የለወጥኩ ሴት ነኝ።

ጣቱ ግን እጁ ላይ እንዳለ ነው። ፖሊስ አትጥሩ።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አንድ ኳስ ተጫዋች የፈረመበትን ማልያ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። ሰው ሁሉ "ዕድለኛ!" እያለ ኮሜንት ጻፈላት። እኔም "ምን ብርቅ ነው፣ እኔ በስድስተኛ ክፍል ሃያ ተጫዋች አስፈርሜያለሁ" አልኩ። ሳቀችብኝ።

ስለሳቀችብኝ ነው የምጽፈው። ከጻፍኩ ደግሞ ሁሉንም ነው። የሚያስመሰግነኝን አውጥቼ የሚያሳፍረኝን ብደብቅ አድሎ ይሆናል። አድሎ ደግሞ አልወድም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አርባዎቹ አልቀው ሃምሳዎቹ የገቡ ሰሞን። አሰላ፣ ታች ሰፈር ነው የምንኖረው።

የኛ ጨዋታ ገና ነበር። እናንተ በቴሌቪዥን ሆኪ የምትሉትን ስታዩ "የፈረንጅ ገና" በሉት። ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ። ሩር የምንላት ድቡልቡል ኳስ አለች። የሚያብጥ ቅልጥም በብዛት አለ። በልደት ቀን ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ይገጥማሉ፤ ሩሯን ከሌላው ድንበር ያሳለፈ ያሸንፋል። በኛ ሜዳ ደንብ ሩሯን በእግር መግፋት ነውር ነው።

ሌላም ደንብ ነበር። የዚያን ቀን ጭሰኛው የባለመሬቱን ልጅ ቢመታው ማንም አይከሰውም። ስሙን ጠርቶ ቢሰድበውም ይሳቃል።

በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩን። የእግር ኳስ ተጫዋቾች የፈረሙበት ደብተር ነበራቸው። አንድ ቀን ለክፍሉ አሳዩን። ልጆቹ ተደነቁ። እኔ ተናደድኩ። የአዲስ አበባ ተጫዋች ይፈርማል፤ የኛ ተጫዋች ምን አጠፋ?

ባለ መስመር ደብተር አወጣሁ። አሥር ገጽ ለታች ሰፈር፣ አሥር ገጽ ለላይ ሰፈር። እኩል። የታች ሰፈር ልጅ ሆኜ ለላይ ሰፈር እኩል ገጽ በመስጠቴ ያመሰገነኝ የለም። እናንተ አመስግኑኝ።

ከዚያ ችግሩ መጣ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች መጻፍ አይችሉም።

ለኔ ችግር አልነበረም። አባቴ አቶ ደምሴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አለው። መፈረም ለማይችል ሰው ጣት ማሳረፊያ ሐምራዊ ቀለም በቆርቆሮ ሙዳይ ይይዛል። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፦ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ሳያነብልህ ጣትህን ቀለሙ ውስጥ አያስነክርህም። ለዚህ ነው ከሮቤና ከሲሬ ድረስ ሰው ወደ እሱ የሚመጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት ፍርድ ቤቱ ስለሚዘጋ ሙዳዩ ቤት ይውላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሙዳዩ ከኔ ጋር ነው።

እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ የታች ሰፈር ሰዎች ሞላሁ። የቀረኝ ቱፋ ነው። ቱፋ ማለት የዚያን ዓመት የማሸነፊያዋን ሩር ያሳለፈው ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ ያርሳል፤ ለገና ከታች ሰፈር ጋር ይሰለፋል። እሱ የሌለበት ደብተር ደብተር አይደለም።

እንቢ አለኝ።

"ያ ኢንተላ፣ ከወረቀት ጋር አልተዋወቅም" አለ። ኢንተላ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው።

ምክንያት ነበረው። አባቱ ምን እንደተጻፈበት የማያውቀው ወረቀት ላይ ጣቱን አሳርፎ ግማሽ መሬቱ ወደ ላይ ሰፈሩ ባለመሬት፣ ወደ ፊታውራሪው ሄዷል። የቀረችውን ግማሽ ነው ቱፋ የሚያርሳት። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ዘጠኙ ፈቅደው እሱ መቅረቱ ትክክል አይደለም ብዬ ሁለት ቅዳሜ ተከተልኩት። በሁለተኛው ቅዳሜ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"የደምሴ ልጅ ከሆንሽማ" አለና እጁን ዘረጋ።

የመጀመሪያው ተጨማለቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንደገና አሳረፈልኝ፤ እሱ ጥርት ብሎ ወጣ። ጣቱን ሁልጊዜ ከገጹ ግርጌ ነው የማሳርፈው፤ ከላይ የተጫዋቹን መልክ ልስልበት ስላሰብኩ።

ስዕል አልችልም። ቦታው ባዶ ቀረ።

የሁሉም ገጽ እንደዚያው ነበር።

ወዲያው ደብተሩ በትምህርት ቤት ፋሽን ሆነ። ሁሉም ማስፈረም ጀመረ፤ መለዋወጥም መጣ። እኔ ከላይ ሰፈር ዘጠኝ ደርሻለሁ። የቀረኝ የቡድኑ አለቃ መኮንን ነው፤ የፊታውራሪው ልጅ። የፊታውራሪውን ስም አልጽፍም። የልጅ ልጆቻቸው ፌስቡክ ላይ አሉ፤ አንዷ እንዲያውም የምለጥፈውን ሁሉ ላይክ ታደርጋለች።

መኮንን ለታች ሰፈር ልጅ አልፈርምም ብሏል። እህቱ አስካለ ደግሞ የክፍሌ ልጅ ናት። የወንድሟን ፊርማ አምጥታ "የቱፋን ጣት ስጪኝ" አለችኝ።

አሰብኩ። ላይ ሰፈር ዘጠኝ፣ ታች ሰፈር አሥር መሆኑ አድሎ ነው። እኔ የቱፋን ሁለት አለኝ፤ እሷ ምንም የላትም። ይህም አድሎ ነው።

ሰጠኋት። የጠራውን። የተጨማለቀውን ብሰጣት ማታለል ይሆናል ብዬ።

አያችሁልኝ?

ልክ በሳምንቱ፣ ሰኞ፣ ለአባቴ ምሳ በሳህን ይዤ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ጠረጴዛውን ሰው ከቦታል። ከመሀል መኮንንና ጓደኞቹ ቆመዋል። መኮንን አንድ ወረቀት በጁ ይዟል።

"ጋሼ ደምሴ፣ እርስዎ ያንብቡልን። እርስዎ ሲያነቡ የሚጠራጠር የለም" አለ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"እኔ ቱፋ፣ በልደት ዕለት ሩሯን በእግሬ ገፍቼ ማሳለፌንና ድሉም የላይ ሰፈር መሆኑን አምኜ፣ በጣቴ አረጋግጣለሁ።"

ላይ ሰፈር ጮኸ። ታች ሰፈር ወደ ቱፋ ዞረ። ቱፋ ገብሱን ሸጦ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። የኛው ሰፈር አንድ አናጢ "ቱፋ፣ ምን አብልተውህ ነው?" አለው። ቱፋ ይህን አላልኩም አለ። መኮንን "ታዲያ ጣቱ የማን ነው?" አለ።

አባቴ ግን ማንንም አይሰማም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። አገላብጦ ያያል። ቀለሙን ለመቆጠብ ውኃ ስለሚያበዛበት የሱ ቀለም ዳር ዳሩ ይፈዛል።

"ይህ ጣት ያረፈው በኔ ቀለም ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ግን አላሳረፍኩትም።"

ከዚያ ቀና አለ፤ በወረቀቱ ዳር ያለውን የደብተሬን ቀይ መስመር ያወቀ መሰለኝ። እኔን አየ።

መሮጥ እችል ነበር። ሳህኑ ከበደኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሲያሳርፍ ምን ተጽፎበት ነበር?"

"ምንም።"

"ባዶ ወረቀት ላይ?"

"መልኩን ልስልበት ነበር።"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ አልሳቀም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበበ ያቆመውን ስም እኔ በስዕል ደብተር እንደጨረስኩት ፊቱ ላይ ይነበባል።

መኮንንም እየሳቀ ነበር። ከላይ ያለውን አስካለ ናት የጻፈችው አለ፤ ሊደብቀውም አልፈለገም። "ጨዋታ ነው እኮ ጋሼ። በገና ይቆጣሉ እንዴ?"

"ገና ካለፈ ወሩ ነው" አለ አባቴ።

እኔ ነገሩን ላስተካክል ብዬ ጮህኩ። ቱፋ በእግሩ አልነካም፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ድሉ የታች ሰፈር ነው አልኩ። ዋናው ጉዳይ እሱ መስሎኝ።

ቱፋ ስለ ሩሯ አንድ ቃል አልተናገረም። ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። ወደኔ መጣና በኦሮምኛ ጠየቀኝ።

"ወረቃን ቢራ ጅራ?"

ሌላ ወረቀት አለ ወይ ማለቱ ነው።

ሳቁ ቆመ። የቱፋ ጣት ያለበት ባዶ ወረቀት አንድ ሳምንት ሙሉ የፊታውራሪው ቤት አድሯል። አስካለ ጻፈችበት እንጂ አባቷ ቢያገኙት ኖሮ የሚጻፈው ስለ ሩር አልነበረም። ይህን ሁሉም ሰው ወዲያው ገባው።

መጨረሻ ላይ የገባው ለኔ ነው።

"አንድ አለ" አልኩ። "ደብተሬ ውስጥ።"

"እዚያ ቤትስ?"

"የሰጠኋት ይህን ብቻ ነው።"

መኮንንም መሳቁን ትቶ "አባቴ ይሙት ሌላ የለም" አለ። ቱፋ አላየውም። አባቴን ነው ያየው።

"ሞኝ ናት እንጂ አትዋሽም" አለ አባቴ።

በሕይወቴ ከተሰጡኝ ምስክርነቶች ሁሉ ጥሩው ይህ ነው።

ሮጬ ደብተሩን አመጣሁ። አባቴ የተጨማለቀውን ገጽ ቆርጦ፣ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ይዞ ሊቀድ ሲል ቱፋ እጁን ያዘው።

"የተቀደደ ይለጠፋል፣ ጋሼ" አለ።

ወረቀቶቹን ተቀበለና አፉ ውስጥ ከተታቸው።

አኘከ። ሕዝብ ቆሞ እያየው፣ ሳይቸኩል፣ በሁለቱም ጉንጩ አኘከ። ባለ መስመር ወረቀት እንዲህ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከንፈሩ ሐምራዊ ሆነ። አባቴ የራሱን የውኃ ኮዳ ሰጠው። ጠጣ፣ ዋጠ፣ ጆንያውን አነሳና ወደ መንገዱ ሄደ።

ምሳውን ማንም አላስታወሰውም። ቆሜ ይዤዋለሁ።

አባቴ አልመታኝም። ይልቅ የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ለየባለቤቱ እንድመልስ አዘዘኝ። ቤት ለቤት። "የአባቴን ቀለም ያለፈቃዱ ወስጄ፣ ከጣትዎ በላይ ባዶ ትቼ ነበር፤ ይኸው ይውሰዱ" እያልኩ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ፊቴ እሳት ውስጥ ጨመረው። አንድ ሽማግሌ ጣቱን ስመልስለት የጠፋ በሬ ያገኘ ይመስል መረቀኝ፤ እሱ ነው ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ።

መኮንን ብቻ "ያዢው፣ ምን አደርግበታለሁ?" አለኝ። እውነቱን ነው። በሱ ፊርማ መሬቱን የሚወስድበት የለም። ደብተሬ ውስጥ ሳይፈራ የፈረመ እሱ ብቻ እንደነበረ ያን ጊዜ አየሁት።

አሥራ ስምንት መልሼ አንድ ማስቀረት እኩል ስላልሆነ አቃጠልኩት።

አስካለን ማንም ምንም አላላትም። ስልሳ ምናምን ዓመት አልፎም ያናድደኛል።

ቱፋ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ደኅና ነሽ ወይ፣ አባትሽ ደኅና ነው ወይ ይላል። አውራ ጣቱን ግን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ነው የሚያልፈኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። እሱ አልሳቀም። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ልጅ አዝዬ ሳልፈውም ይጨብጣል።

ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ቤት ዞሬ፣ የሱን ግን በልቶታል፣ የምመልስለት ወረቀት የለኝም ብዬ ቀረሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ተናገርኩ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። አቀፈችኝና "በቃ አዲስ ስልክ ገዝቼልሻለሁ፣ በሱ ጻፊው" አለች። ስልኩን ከፈተችው። አውራ ጣትሽን እዚህ አሳርፊ አለኝ፤ ስልኩ ማለቴ ነው። ከማሳረፊያው በላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ነገር አለ።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"ማንም አያነበውም እማዬ፤ ዝም ብለሽ አሳርፊ።"

ሁለት ጊዜ አንብቢልኝ አልኳት። አንዴም አላነበበችልኝም።

አሳረፍኩ።

እስቲ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ፤ የናንተን ስታሳርፉ ከላይ ምን ይል ነበር? ስልክ እንደሆነ አይዋጥ።