ለምረቃ የቆየው ውሃ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቱቦዎቹ ሄልሜት አድርገው ሊፈትሹኝ መጡ።

የስኳር ፋብሪካችን አዲሱ የኃይል ማመንጫ የጥገና ኃላፊ ነኝ። ቱቦዎቹ የማይዝግ ብረት ከሚባለው የተሠሩ ናቸው፤ ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን ለመሞከር ብለን ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ከሞላንባቸው ወራት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ግን ተኝቶ ከሰነበተ የማይዝገውንም ይበሳዋል። ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ዘርጋው ደጋግሜ ብነግራቸው፣ «የሚመርቁት እንግዳ ሳይመጡ ምንም ነገር አይነካም» አሉኝ። ቢበሳ ግን ማን ላይ እንደሚላከክ አላጣሁትም።

ቱቦዎቹ መደርደሪያ ላይ አጋደሙኝና በጆሮዬ የጉድጓድ ውሃ ሞሉኝ። ሸምገል ያለው ቱቦ ሆዴን መታ መታ አድርጎ «አያፈስም» አለ።

«እንግዲያው ውሃውን ያውጡልኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዳው ሳይመጡማ አይሆንም፣ ልጄ። ደግሞ አንተ የማይዝግ ሥጋ አይደለህ?»

ዞር ስል አቶ ዘርጋው አጠገቤ ተጋድመዋል። እስከ አንገታቸው ተሞልተዋል፤ ባስነጠሳቸው ቁጥር ከአፍንጫቸው እንቁራሪት ዘላ ትወጣለች።

«ደምሰው፣ እስቲ አንተ ንገራቸው። እኔን አይሰሙኝም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርን። አምፖሎቹ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፤ እኛ ከላይ ተንጠልጥለን እናበራላቸዋለን። በር ላይ ሸንኮራ አገዳዎች ሰው እየላጡ ይመጠምጣሉ። ሪባኑ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ መቀሱን ለመቁረጥ ይጠባበቃል።

ድንገት ክርኔን በላኝ። ሳየው መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ ተከፍቶ ውሃ ጠብ ይላል።

«ጋሼ፣ እያፈሰስኩ ነው።»

«ዝም በል፣ እንግዳ ፊት አታዋርደን። በጣትህ ያዘው» አለኝ ሸምገል ያለው ቱቦ።

በጣቴ ያዝኩት። በጉልበቴ ጠብ አለ። እሱንም ያዝኩት። በብብቴ ጠብ አለ። የራሴ ጣቶች ሲያልቁ የአቶ ዘርጋውን ተዋስኩ፤ እሳቸው ደግሞ በተራቸው በተረከዛቸው ማፍሰስ ጀመሩ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ፣ ሪባኑ ብድግ አለ፣ ስልኬ ጮኸ።

ነቃሁ። የደወሉት አቶ ዘርጋው ነበሩ። ሕልሙ ድፍረት ሰጥቶኝ ኖሮ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ዛሬስ የመጣው ይምጣ፣ ያንን ውሃ አስወጣዋለሁ።»

«አትድከም» አሉኝ። «ሌሊቱን ራሱ ወጥቶ አልቋል። ባልዲና መወልወያ ይዘህ ቶሎ ድረስ፤ እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው።»