እምቢታ የማይገባቸው ወይዘሮ ኖሪን

ድርቁ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ የቱልማ መንደር ገበሬዎች ከቤት መውጣት ተዉ። ቀኑን ሙሉ የተሰነጠቀ መሬት እያዩ መዋል፣ ከማንም ጋር አለመነጋገር። ወይዘሮ ኖሪን ሊያክሙ የተነሱት ይህንን በሽታ ነበር፤ መድኃኒታቸውም የቅዳሜ ኳስ ነው።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም፤ ካለም ፈርሷል። እነዚህ ሰዎች “እምቢ” ማለት ገና ያላለቀ “እሺ” ይመስላቸዋል። ክብርት ወይዘሮ ኖሪን እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የተረኞች ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ጉልበቴን ያመኛል ላለ ወንበር ያመጡለታል፤ ሰዓት ያዥ ይሆናል። ኳስ አልወድም ያለውን ደግሞ “ማን ውደድ አለህ?” ብለው ለተመልካቹ ምሳ ሽንኩርት ያስልጡታል።

ገበሬው ኬልቪን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደ አገሩ ሰው መኪናውን ወደ ሜዳው አዙሮ ያቆማል፣ ጎል ሲገባ ክላክስ ያደርጋል፣ ሳይወርድ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ኖሪን በሩን ከፍተው ነጭ ካፖርትና ሁለት ባንዲራ ጭኑ ላይ ጣሉለት። በቃ፣ የጎል ዳኛ ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነው። የዚህ አገር ኳስ ጎሉ መረብ የለውም። ኳሱ በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሃል ምንም ሳይነካ ካለፈ ስድስት ነጥብ ነው፤ ሁለት ባንዲራ ይውለበለባል። ምሰሶ ከነካ አንድ ነጥብ፣ አንድ ባንዲራ። ዳኛውን የሚያቀርበው ራሱ ክለቡ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ የቆመው በአንድ ሰው ህሊና ላይ ነው። አያስደንቅም?

አንድ ቅዳሜ የጎረቤት ከተማው ዳርጋን በሦስት ነጥብ እየመራ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል፣ የቱልማ ኳስ ምሰሶውን ልሶ አለፈ። ድምፁን የሰማው ኬልቪን ብቻ ነው። እጆቹ ግን ሁለቱንም ባንዲራ አነሱ።

ቱልማ አሸነፈ፤ ሰው ሁሉ አቀፈው። ከሚስቱ ቀብር ወዲህ የሰው እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር። ሐፍረቱን ያባሰበትም ይኸው ነው፤ ደስ ብሎት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይመጣ ሲቀር ወይዘሮ ኖሪን ጓዳው ድረስ ገቡ። ወለል ወለሉን እያየ ሁሉንም ነገራቸው።

“ካፖርቱን ይውሰዱልኝ” አለ በመጨረሻ። “አንገቴን ቀና አድርጌ አልቆምም።”

“ማን ቀና በል አለህ? ዳርጋን አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሄደህ ራስህ ትነግራቸዋለህ። እነሱም ዝናብ ካዩ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ያቺን ድል ይፈልጓት ነበር።”

“ከዚያ በኋላስ?”

“ከዚያማ ካፖርቱን ታጥባለህ። ቅዳሜ ተረኛ ነህ።”

መኪናው ውስጥ አብረውት ገቡ። አርባውን ኪሎ ሜትር አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ለእሳቸው ይህ ከድርቁ የከፋ ስቃይ መሆኑን ኬልቪን ያውቃል። ዝርዝራቸውን ይዘው ሲመጡ ስንት ጊዜ ከጓሮው የውኃ ታንከር ጀርባ እንደተደበቀባቸው አስታወሰና በሐፍረቱ ላይ ሌላ ሐፍረት ተጨመረበት። ሲደርሱ ልግባ አላሉም፤ ከወንበራቸው ሳይነሱ ብቻቸውን ይጠብቁታል።

የዳርጋን ክለብ በር ተከፈተ። ኬልቪን ባርኔጣውን አውልቆ የመጀመሪያውን ቃል እየፈለገ ነው።