አልይዝ ያለው መንጠቆ

መኪና ሰውን የሚያዋርደው በትልቅ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ቢነክስ መንገደኛው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላችኋል፤ የሚገፋ ትከሻ አይጠፋም፤ ቤት ስትገቡም «አይዞህ» የሚል ይኖራል። ጣት የማታህል የፕላስቲክ መንጠቆ እምቢ ስትላችሁ ግን ለማን ታወሩታላችሁ? ልቡን የታመመ ይጠየቃል፤ ጥፍሩን የታመመ ይሳቅበታል። እኔም አንድ ሰሞን የጥፍር በሽተኛ ሆኜ ከርሜያለሁ።

የምኖረው ጅቡቲ ነው፤ ካርቲየ ሰባት በሚሉት ሠፈር፣ ከእናቴና ከባለቤቴ ከሙና ጋር። ከድሬዳዋ የሚመጣልኝን ሽንኩርትና ድንች በአሮጌ ፒክአፕ ለየሱቁ አከፋፍላለሁ። ስለዚህ አገር ፀሐይ ብዙ አልልም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባልባላ ሠፈር ስትነዱ ግን ፊት ለፊት መጥታ ዓይናችሁ ውስጥ ካልተቀመጥኩ ትላለች። ከሾፌሩ ግንባር በላይ ያለችው የፀሐይ መከለያ የተሠራችው ለዚህ ነው። አንዱ ጫፏ በበሩ በኩል ታስሯል፤ በሌላው ጫፏ ያለችው አጭር ዘንግ ደግሞ መስታወቱ አጠገብ ካለ መንጠቆ ውስጥ ቀጭ ብላ ትገባለች። የእኔዋ ቀጭ ማለቱን ተወች። ጉድጓድ ባለፍኩ ቁጥር ከመንጠቆው ትወልቅና እንደ ሰካራም ክንድ ፊቴ ላይ ትንጠለጠላለች።

ካርቲየ ሦስት ውስጥ ከማል የሚባል የድሬ ልጅ ጋራዥ አለው። «አቦ፣ ለዚች ደግሞ ትጨነቃለህ? መንጠቆው አርጅቷል» አለና ከቆመ መኪና ላይ ሌላ ነቅሎ ገጠመልኝ። ሁለት ቀን ያዘ። ተመልሼ ስሄድ በበሩ በኩል ያለውን ብሎን አጠበቀው፤ አንድ ቀን ያዘ። ሦስተኛ ስመለስ ጥፋቱ የመንገዱ ነው አለኝ። መንገድ ደግሞ በካቻቢቴ አይጠብቅም። በጫማ ክር አሰርኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ድንቼን ጭኜ ወደ ባልባላ እየወጣሁ፣ የጫማው ክር ተበጠሰ። መከለያዋ ዓይኔ ላይ ወደቀች፤ በእጄ ገፋ ሳደርጋት ልጅ ያዘለች ሴት መንገዱ መሀል አየሁ። ፍሬኑን የረገጠው እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። መኪናዋ ከሴትዮዋ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሴትዮዋ አልጮኸችም። መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ አድርጋ ጥቂት አየችኝና በሶማሊኛ «ዓይንህን ግለጥ» ብላኝ አለፈች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን እንቅልፉን አላቋረጠም።

ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ካቻቢቴ አውጥቼ መከለያዋን ፈታኋት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከማልም እኔም የመረመርነው መንጠቆውን ብቻ ነበር፤ ያልያዘውን እንጂ ያልተያዘችውን ማንም አላየም። ጭኔ ላይ አድርጌ ስዳብሳት የለበሰችው ጨርቅ በዘንጓ በኩል አብጧል። ለካ ዘንጓ ጨርቁ እየገፋት መንጠቆው ውስጥ እስከ መጨረሻው አትገባም፤ ከንፈሩ ላይ ቆማ ትቆይና መኪናው ሲነጥር ትወጣለች። እብጠቱን ስጫነው አንድ ደረቅ ነገር ሸርተት አለ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር። ጠርዟን ባየው አራት ጣት የሚሆነው ስፌት የፋብሪካ ሳይሆን የእጅ ነው። ክሩን በጥስኩት፤ የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ወጣ። በወረቀቱ ቀዳዳ ቆዳ ይታያል። ክታብ!

የማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋሁም። ባለፈው ዓመት ወደ ዓሊ ሳቢዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ከነድንቼ ተገልብጬ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ክታብ ልትሸጉጥ ትራሴን ስትዳብስ፣ ኮቴን ስታገላብጥ ነው የምትውለው። ሙና ደግሞ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ያለ ማዘዣ የሳል ሽሮፕ አትሰጥም። እናቴ ስለ ክታብ ስታነሳ «እማማ፣ በክታብ የዳነ ካለ ማዘዣውን አሳዩኝ» ትላታለች። ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜም እናቴ ስታነባ ሙና ብዕር ይዛ ሐኪሙን የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት ነበር የምትጠይቀው። በማግሥቱም ሥራዋ ገባች። አንዲት እንባ አላየሁባትም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ይህን ነገር በሆዴ ይዤው ዓመት ከረምኩ። ሌላ ሴት ብትሆን፣ እያልኩ።

ቤት ገብቼ ጥቅሉን እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። «እማ፣ በዚህ ጠባቂሽ የተነሳ ዛሬ ሰው ልገድል ነበር» አልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ልተርትባት አፌን ሳሾል፣ እናቴ ጥቅሉን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«የኔ አይደለም» አለች ረጋ ብላ። «የኔማ ከወንበርህ ሥር ነው።»

ጥቅሉን ከእጇ መልሼ ወሰድኩ።

«ወረቀቱን እየው» አለችኝ፤ «እኔ ፈረንሳይኛ አላነብም።»

ወረቀቱ ፋርማሲ ክኒን ቆጥረው የሚሰጡበት ትንሽ ፖስታ ነው። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ የሚል በፈረንሳይኛ ታትሞበታል። ሦስቱም ላይ በብዕር ምልክት ተደርጓል። ለስንት ቀን እንደሚወሰድ የሚጻፍበት መስመር ላይ ግን ቁጥር የለም፤ በማውቀው፣ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ «ሁልጊዜ» ይላል።

ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። «ሙናን ሸኹ ጋ የወሰድኳት እኔ ነኝ» አለች እናቴ፤ «በተኛህ በሦስተኛው ቀን። መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነበር። እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች፤ እንግዲህ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ቀጥላም ሙና ከሥራ ሳትመለስ ጥቅሉን ወደ ቦታው እንድመልሰው አዘዘችኝ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ አሰብኩበት። ሙና ስትሰፋው በበሩ በኩል አድርጋው ኖሯል፤ እዚያ ማንንም አይነካም። የዓመቱ ጉድጓድ ነው ትንሽ በትንሽ እየገፋ ወደ ዘንጉ ያደረሰው። ከማል ለካ ግማሽ እውነቱን ነው፣ መንገዱም አለበት። ጥቅሉን ከነፖስታው ወደ ጥንት ቦታው መለስኩት፤ ዳግም እንዳይሸራተት አጠገቡ ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ሰፋሁና የበጠስኩትን ጠርዝም ዘጋሁ። ስፌት የማውቀው የጆንያ አፍ ብቻ ስለሆነ መልኩ እንዳይሆን ሆነ። መከለያዋን ገጥሜ ወደ መንጠቆው ገፋሁ። ቀጭ! የሠፈራችንን ጉድጓዶች ሁሉ እየመረጥኩ ነዳሁባቸው። ንቅንቅ አላለችም።

ለሙና ምንም አልተነፈስኩም። ምን እላታለሁ? «ማልቀስሽን ደረስኩበት» ይባላል? ሳምንት አለፈ። ዓርብ ጠዋት መኪናዬን ስወለውል መከለያዋን ዝቅ አድርጌ ጠርዟን አየሁት። የጆንያ ስፌቴ የለም። በቦታው እንደ ሰሊጥ የደቀቀ፣ እኩል እኩል የሆነ፣ ከጨርቁ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ባለው ክር የተሰፋ ስፌት አለ።

ወደ ቤት ስገባ ሙና ድንች ትልጣለች።

«የመኪናህ መከለያ ያዘች?» አለችኝ፤ ዓይኗ ድንቹ ላይ ነው።

«ያዘች።»

«ከማል ጎበዝ ነው።»

«እጁማ ልዩ ነው» አልኳት፤ «በተለይ ስፌት ላይ።»

ከማል በዕድሜው መርፌ ይዞ አያውቅም። ሙና ቀና አላለችም፤ በእጇ ያለው ድንች ግን ልጣጩ አልቆ እንኳ ቢላዋዋ አልቆመም። ሌላ ቢላ አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከዘንቢሉ አንድ ድንች አነሳሁ።