የእማማ ሮዛ ጥቁር ቀለም

ሰው የሚመሰገነው በሚታይለት ነገር ነው። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን የቆረጠው ሰው ፎቶ ይነሣል፤ ወንዝ ውስጥ ወገቡ ድረስ ገብቶ መሠረቱን የጣለው ግን ልብሱን ጨምቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እኔ ራሴ ከሁላችሁም የባስኩ ነኝ፤ ያየሁትን ሁሉ እቆጥራለሁ። በሞቴል ሥራ ሰው የሆነ ሰው ቁልፍ ሳይቆጥር፣ ፎጣ ሳይቆጥር፣ ትራስ ሳይቆጥር እንቅልፍ አይወስደውም። የማይታየውን ግን እንዴት አድርጎ ይቆጥረዋል?

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ኦክላንድ፣ ማክአርተር ቡሌቫርድ ላይ ነው። አዲሱ ፍሪዌይ፣ ያ ሰፊው ፈጣን መንገድ፣ ተከፍቶ መንገደኛውን ሁሉ ከጠራረገው ወዲህ፣ በዚያ ጎዳና የነበሩት ሞቴሎች ባል እንደሞተባት ሴት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እኔ የምሠራበት ሞቴል ባለቤትም በእርግጥ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የፖርቱጋል ዘር ያላቸው አሮጊት ነበሩ። እኛ እማማ ሮዛ እንላቸዋለን። ሻንጣውን ይዞ ከአገር ቤት የመጣ ተማሪ ሁሉ፣ ዩኒቨርሲቲው መኝታ እስኪሰጠው ድረስ፣ መጀመሪያ ያደረው እሳቸው ዘንድ ነው። ከአማርኛ «እንደምን አደርክ» የሚለውን ብቻ ያውቃሉ። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም እንደምን አደርክ ነው።

ከሞቴሉ በር ላይ አንድ ትልቅ የኒዮን መብራት ታፔላ ነበር፤ የምትበር ዳክዬ፣ ከሥሯም የሞቴሉ ስም። ብርጭቆውን በእሳት እያለዘበ፣ እያጠፈ የሠራው የእማማ ሮዛ ባል ነው። ስሙም ከታች፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። የታፔላው መብራት ከጠፋ ዓመታት አልፈውት ነበር። አንድ ቀን የከተማው ተቆጣጣሪ መጣና፣ የማይበራ ታፔላ የተጣለ ታፔላ ነው፤ ሰኞ ስመለስ በርቶ ካልተነበበ ተቆርጦ ይወድቃል ብሎ ሄደ። እማማ ሮዛ ወንበራቸውን አውጥተው ከታፔላው ሥር ተቀመጡ። እራትም ሲጠሩ አልተነሡም።

በዚህ ጊዜ ነው እኔና የአገሬ ልጆች ሥራ የጀመርነው። የተሰበሩትን ሁለት የታፔላውን የብርጭቆ ቱቦዎች አስጠግነን፣ የሚያበራቸውን ጋዝ እንደገና አስሞልተን መለስን። የቀረው ኤሌክትሪኩን የሚያጠነክርለት ትራንስፎርመር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሳን ሆዜ ሄጄ፣ ሞንተሬይ ሮድ ላይ ከሚፈርስ ሞቴል አንድ ደህና ትራንስፎርመር ነቅዬ ተመለስኩ።

ስደርስ የአገሬ ልጆች በደቦ ወጥተው ጠበቁኝ። መሪዎቹ በርክሌ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ጌታቸውና ሆስፒታል የምትሠራው ባለቤቱ የሺ ናቸው። ታፔላው ከሩቅ ያንጸባርቃል።

«ያንን ሁሉ ጥላሸት ተሸክሞ እንዴት ይበራ ነበር?» አለ ጌታቸው። «ሙልጭ አድርገን ክሊን አደረግንልህ!»

«ልጅ ሆኜ የፋኖሱን ብርጭቆ ማጽዳት የእኔ ሥራ ነበር» አለች የሺ፣ በእጇ ምላጭና የተጨማደደ ጋዜጣ ይዛ። «ሳይጸዳ ከመሸ እናቴ አትምረኝም። ይሄኛው ግን እንዴት ያለ ችክ ያለ ጥላሸት ነው!»

እኔም አመሰገንኩ። መቼም በፋኖስ ብርሃን ያደገ ሰው ብርጭቆ ላይ ጥቁር ነገር አይቶ አያልፍም። ትራንስፎርመሩን ገጠምኩ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እማማ ሮዛ ተጠሩ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።

በራ! አጨበጨብን። ከዚያ ጭብጨባው እየሳሳ ሄደ።

«ምን ይላል?» አለች የሺ።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ አይደለህ እንዴ ማስተርስ የምትሠራው? አንብበዋ!»

«የሺዬ፣ ይሄ እንግሊዝኛ መሆኑንም እንጃ» አለ ጌታቸው።

የኒዮን ቃል በአንድ ረጅም ቱቦ ይጻፋል። ቱቦው ከፊደል ወደ ፊደል ሲሻገር አይቆረጥም፤ መሻገሪያው እንዳይታይ ግን ጥቁር ቀለም ይቀባል። ጥቁሩ ሲላጥ መሻገሪያውም ሁሉ በራ፤ ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው ተጠላለፉ። ዳክዬዋም አንገቷ ከክንፏ ጋር ታስሮ ገበያ የምትወሰድ ዶሮ መሰለች። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ የእኛ ሰዎች ኩሉን ጠርገው ዓይኑን አጠፉት።

እማማ ሮዛ ከዘራቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ማነው የላጠው?» አሉ በእንግሊዝኛቸው።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች የሺ፣ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና። «ጥላሸት መስሎኝ ነው።»

«ጎበዝ ነሽ። እንዳይላጥ አድርጌ ነበር የቀባሁት።»

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞር አልን።

«ባሌ ብርጭቆውን አጠፈ። ጥቁሩን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ስቀባው ማንም አላየኝም። ሲላጥ ግን፣ ይኸው፣ አገር ተሰብስቦ አየው።» ሳቅ ጀመሩና መሐል ላይ ተዉት።

በማግስቱ እሑድ የሺ ቀለምና ብሩሽ ይዛ መሰላል ላይ ወጣች። እማማ ሮዛ ከታች ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራቸው ያሳዩአታል። «ከዚያ ጀምሪ... ቁሚ! እሱ ፊደል ነው፣ አትንኪው... የክንፏን ሥር አጥቁሪው።» ትውስታው እንቢ ሲላቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑና፣ እጃቸውን አየር ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዱታል። እጃቸው የሚያውቀውን ዓይናቸው ረስቶት ነበር።

ሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ። መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? በቀትር! በዚያ በጠራራ ፀሐይ ቱቦው መብራቱ እንኳን በጭንቅ ይታያል።

«ይበራል?» አለኝ።

«ይበራል።»

«ጥሩ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ቀና ብሎም አላነበበው። ታፔላው ግን ዳነ።

ክረምቱ ሲገባ እማማ ሮዛ ታመሙ፤ ካስትሮ ቫሊ ያሉ እኅታቸው ሊያስታምሟቸው ወሰኑ። እኔ ነበርኩ በመኪና የወሰድኳቸው። መሽቶ ነበር። መንገድ ከጀመርን በኋላ መልሰኝ፣ በታፔላው ፊት አንድ ጊዜ አሳልፈኝ አሉኝ። መለስኳቸው። ዳክዬዋ ክንፏን ዘርግታለች፤ የሞቴሉ ስም ከወዲያ ማዶ ይነበባል። መኪናውን አቁሜ፣ እንደ ልማዴ፣ የበራውን ፊደል አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አልጎደለም።

«ጥቁሩን አየኸው?» አሉኝ።

እኔ ለሕመምተኛ ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር። አፌ ግን እንቢ አለኝ።

«አላየሁትም፣ እማማ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያው የሺ በደንብ ቀብታዋለች» አሉና፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብለው፣ «ንዳው» አሉኝ።