የጋሼ ዩሱፍ ጥበብ

ጥበበኛ ነው የተባለ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ምን ላድርግ፣ ኪሴን እዳብሳለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይባል የለ?

በጃንሆይ ጊዜ እኛ የመጋላ ሰፈር ሰዎች ፍየሎቻችንን የምናሳድረው ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። አንድ ማታ ድንገት ደራሽ ውሃ መጣና የጎረቤታችንን የአሻን ፍየሎች ጠራርጎ ወሰደ። በማግስቱ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያጽናናት፣ ጥበበኛችን ጋሼ ዩሱፍ ጫታቸውን እያኘኩ፣ «ውሃ መንገዱን አይረሳም» አሉ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ አደነቀ።

«የእርስዎ ፍየሎችስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እነሱንማ አመሻሽ ላይ ደጋው በዝናብ ደመና ሲጠቁር አይቼ፣ ቀስ ብዬ ቤት አስገባኋቸው።»

አሁንስ ሰፈሩ በድንጋይ ያባርራቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ አሻ እንባዋን ጠረገች።

«አቦ፣ ጥበብ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ እጃቸውን ሳመች።